ስለ ካምፒንግ ፍራሽ የሚወሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው (በትንሽ ብር ስሜን ላይ ለማደር ለምታስቡ)

ሰው ስሜን ተራሮችን ለመውጣት ሲያስብ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ድንኳን ነው፣ ቀጥሎ ስለ ጫማ፣ ቀጥሎ ስለ ስሊፒንግ ባግ (ውስጡ ተገብቶ የሚተኛበት ከረጢት)፣ ከስር ስለሚነጠፈው ግን የሚጠይቅ ብዙም የለም፣ "እሱማ የተገኘው ይሁን" ተብሎ ይታለፋል። ከዛ ስሜን ውስጥ ያለው ግጭ ካምፕ ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነስቶ ቁጭ ብሎ እየተንቀጠቀጠ ንጋትን የሚጠብቅ ሰው ይኖራል፣ ሲመለስም ለጓደኞቹ "ተራራ ለኔ አይሆንም" ይላል። ይሄ በጣም ያንገበግበኛል፣ እንደዛ ያለ አገር እያለን በአንድ ፍራሽ ምክንያት ሰው ድጋሚ አልሄድም ሲል። ስለዚህ በየቦታው የምሰማቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ላንሳቸው፣ በተለይ ብር ቆጥቦ መሄድ ለሚፈልግ ሰው።

"ፍራሹ ለልስላሴ ነው፣ ብርዱን ስሊፒንግ ባጉ ይችለዋል"

ከሁሉም የሚጎዳው ይሄኛው ነው፣ ምክንያቱም ሰው ያለውን ብር በሙሉ ባጉ ላይ ያፈስና ከስር ቀጭን ነገር ጣል አድርጎ ይተኛል። ባጉ የሚያሞቀው ውስጡ ያለው ላባ ወይም ፋይበር ተነፋፍቶ አየር ስለሚይዝ ነው እኮ፣ እናንተ ስትተኙበት ደግሞ ከጀርባና ከዳሌ ስር ያለው ክፍል ይጨፈለቃል፣ አየሩ ይወጣል፣ በቃ ከዛ በኋላ እዛ ጋ ያለው ሁለት ስስ ጨርቅ ነው ማለት ይቻላል። መሬቱ ደግሞ ከሰውነታችሁ በጣም ስለሚቀዘቅዝ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀታችሁን ሲስብ ያድራል። ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ባጉ ላይ "እስከዚህ ዲግሪ ይቋቋማል" ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር የሚለካው ባጉ ሙቀት በሚይዝ ፍራሽ ላይ ተነጥፎ ነው፣ ስለዚህ ያ ፍራሽ ከሌላችሁ የተጻፈው ቁጥር እናንተ ጋ አይሰራም።

ጋቢም ያው ነው። ከላይ ሲደረብ እንደ ጋቢ የሚሆን የለም፣ እኔም ያለሱ አልሄድም፣ ከስር ሲነጠፍ ግን ይጨፈለቃል፣ ጥጥ ስለሆነ ደግሞ እርጥበት ይጠጣና ጠዋት ከብዶ ቀዝቅዞ ታገኙታላችሁ።

አሁን ዋናው ነገር። ፍራሽ ስትገዙ መጀመሪያ መታየት ያለበት አር ቫልዩ የሚባለው ቁጥር ነው፣ ሙቀት ወደ መሬት እንዳያልፍ ምን ያህል እንደሚከለክል የሚናገር ቁጥር፣ ከፍ ባለ ቁጥር ይሞቃል። ከ1 እስከ 2 ለቆላና ለሞቃት ሌሊት ነው፣ ከ2 እስከ 4 ለአብዛኛው ጊዜ ይሆናል፣ ከዛ በላይ ለውርጭ። ስሜን ላይ ሳንቃበር ወደ 3,250 ሜትር ነው፣ ግጭና ጨነቅ ደግሞ ወደ 3,600 ሜትር፣ ከህዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ዜሮ አካባቢ ይወርዳል፣ ከዜሮ በታችም ይሄዳል። ለዛ እኔ ከ3 በታች ይዛችሁ አትሂዱ ነው የምለው፣ ቶሎ የሚበርዳችሁ ከሆነ 4። ባሌ ሳነቴ ላይ ለማደር ካሰባችሁ ደግሞ እዛ ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሆነ 4 ራሱ ብዙ አይደለም።

"ወፍራም የሆነ ሁሉ ይሞቃል"

አይደለም፣ ይሄን ብዙ ሰው ሲሰማ አያምንም። በቁጥር ላሳያችሁ፣ ክላይሚት ስታቲክ ቪ የሚባለው የሚነፋ ፍራሽ ውፍረቱ ከ6 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው፣ አር ቫልዩው ግን 1.3 ብቻ። የቴርማረስት ዚ ላይት ሶል የሚባለው ታጣፊ ፎም (ስፖንጅ የሚመስል ግን ጠንከር ያለና ውሃ የማይጠጣ) ደግሞ 2 ሴንቲ ሜትር ነው፣ አር ቫልዩው 2። ሶስት እጥፍ የሚቀጥነው ይበልጥ ይሞቃል ማለት ነው። ምክንያቱ ባዶ አየር ብቻ የያዘ ፍራሽ ውስጥ አየሩ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ይዘዋወራል፣ ከእናንተ ሙቀት ይወስድና ወደ መሬት ያደርሳል። ፎም ውስጥ ግን አየሩ በጣም ትንንሽ ቀዳዳዎች ውስጥ ታስሮ ስለተቀመጠ መዘዋወር አይችልም። ጥሩ የሚባሉት የሚነፉ ፍራሾች ውስጣቸው ፋይበር ወይም ሙቀት የሚመልስ ስስ ሽፋን ተደራርቦ ስላለ ነው የሚሞቁት፣ ዋጋቸውም በዛ ምክንያት ነው የሚወጣው። ለእንግዳ ቤት ውስጥ የሚነጠፈው ትልቁ የአየር ፍራሽማ ተራራ ላይ ባታወጡት ይሻላል፣ ከባድ ነው፣ ሙቀት አይይዝም።

አንድ ጥንቃቄ ደግሞ፣ አር ቫልዩ በአንድ አይነት መንገድ የሚለካበት ኤ ኤስ ቲ ኤም የሚባለው ስታንዳርድ የወጣው በ2018 ነው (በፈረንጅ አቆጣጠር)። ከዛ በፊት ሁሉም ድርጅት በራሱ መንገድ ይለካ ነበር፣ ስለዚህ ያገለገለ የቆየ ፍራሽ ስትገዙ ላዩ ላይ ያለውን ቁጥር ካዲሱ ጋር አታወዳድሩ። ኦንላይን በርካሽ የሚሸጡት ስማቸው የማይታወቅ ፍራሾችም ትልቅ አር ቫልዩ ይጽፋሉ፣ በምን እንደተለካ ካልተጻፈ ቁጥሩን እንዳልተጻፈ ቁጠሩት።

"በርካሽ ሞቆ መተኛት አይቻልም"

ይቻላል፣ ምክንያቱም አር ቫልዩ ይደመራል! ሁለት ፍራሽ ስትደራርቡ ቁጥራቸው ተደምሮ ነው የሚሰራው፣ 2 የሆነ ፎም በ2 ፎም ላይ ሲነጠፍ 4 ይሆናል። ውጪ አገር አንድ ቀላልና ሞቃት የሚነፋ ፍራሽ፣ ለምሳሌ የቴርማረስት ኒዮ ኤር ኤክስ ላይት፣ አር ቫልዩው 4.5 ሆኖ ክብደቱ 370 ግራም አካባቢ ነው፣ ዋጋው ግን ወደ 200 ዶላር። ሁለት ፎም ከዛ ብዙ በሚያንስ ዋጋ ወደ 4 ያደርሳችኋል፣ ልዩነቱ ክብደቱ ወደ 800 ግራም መሆኑና ቦታ መያዙ ነው። ወይ ደግሞ አንድ ፎም ከስር አንድ ርካሽ የሚነፋ ከላይ፣ 2 እና 1.3 ተደምሮ 3.3፣ ስሜን ላይ ያሳድራችኋል፣ ይለሰልሳል፣ ፎሙም የሚነፋውን ከድንጋይና ከእሾህ ይጠብቀዋል። የኔ ምርጫ በትንሽ ብር ለሚጀምር ሰው ይሄ ነው፣ አንዱ ቢተነፍስ እንኳን ባዶ መሬት ላይ አትቀሩም።

"ቀላል ካልሆነ አይገዛም"

ፈረንጆቹ ቪዲዮ ላይ ስለ ግራም ሲያወሩ ሰምታችሁ ይሆናል፣ እነሱ ሁሉን ነገር በጀርባቸው ተሸክመው ለሳምንታት ስለሚጓዙ ነው። ስሜን ላይ ግን አብዛኛው ሰው በቅሎ ተከራይቶ ነው የሚሄደው፣ ፍራሹን ድንኳኑን ምግቡን የምትሸከመው በቅሎዋ ናት፣ እናንተ ውሃና ጃኬት ይዛችሁ ነው የምትራመዱት። በቅሎ ላይ ለሚጫን እቃ 400 ግራም ለመቀነስ 100 ዶላር መጨመር ምን ይጠቅማል? ያንን ብር ሙቀት ላይ አውሉት። በራሳችሁ ጀርባ የምትሄዱ ከሆነ፣ ወንጪም ሆነ መናገሻ ወይም አሜሪካ ያላችሁ ሼናንዶአ ፓርክ፣ ያኔ ክብደት ይታያል፣ እዛ ላይም ቢሆን ከትከሻ እስከ ጉልበት የሚደርስ አጭር ፍራሽ መያዝና እግራችሁ ስር ባዶውን ባክፓክ ማንጠፍ ይቻላል። ሙሉ ቁመት የግድ አይደለም።

"የዮጋ ምንጣፍ ይበቃል" "የቤት ስፖንጅ ቆርጬ እወስዳለሁ"

የዮጋ ምንጣፍ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ነው፣ ላብ እንዳያንሸራትት ተብሎ የተሰራ እንጂ ብርድ እንዲከለክል አይደለም፣ ብዙዎቹ ደግሞ ከካምፒንግ ፎም ይከብዳሉ። የቤት ስፖንጅ ለስላሳ ነው እሺ፣ ግን ዳሌ ሲያርፍበት እስከ መሬት ይጨፈለቃል፣ ከዛም ውሃ ይጠጣል፣ አንዴ ከረጠበ ተራራ ላይ አይደርቅም።

ግን ከቤት እቃ የሚሆን አለ፣ ለልጆች መጫወቻ ወለል ላይ የሚገጣጠመው ኢቫ ፎም። መርካቶም ሱፐርማርኬትም ታገኙታላችሁ፣ 1 ሴንቲ ሜትር ወይም ትንሽ በለጥ የሚል ውፍረት አለው፣ ሁለት ድርብ አድርጋችሁ በፕላስተር አያይዛችሁ መተኛት ይቻላል፣ አያምርም ግን ይሰራል፣ በተለይ ከሌላ ፍራሽ ስር። ስትገዙ የምትለዩበት መንገድ ቀላል ነው፣ ትንሽ ቁራጭ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ጭመቁት አውጡት፣ ውሃ ጠጥቶ ከከበደ ስፖንጅ ነው ተዉት፣ ላዩ ብቻ ረጥቦ በጨርቅ ሲጠረግ የሚደርቅ ከሆነ የምትፈልጉት አይነት ነው።

ከዚህ ጋር "ሳር አጭደን እንጎዘጉዛለን" የሚሉም አሉ። ፓርክ ውስጥ እባካችሁ እንዳታደርጉት። ፓርክ ነው፣ እጽዋት መቁረጥ አይፈቀድም፣ ጭላዳዎቹም የሚኖሩት በዛ ሳር ነው።

"የሚያብረቀርቀው የድንገተኛ ብርድ ልብስ ከስር ከተነጠፈ ሙቀት ይመልሳል"

ያ ስስ ፎይል የሚሰራው በጨረር መልክ የሚሄደውን ሙቀት በመመለስ ነው፣ ሰውነትና መሬት ከነካኩት ሙቀቱ ቀጥታ አልፎት ይሄዳል። እርጥበት ይከለክላል፣ ለዛ ያዙት፣ ከዛ ውጪ አትጠብቁበት።

"ጠንክሮ ከተነፋ ይመቻል"

እስኪወጠር ነፍተው ከዛ ሌሊቱን ሙሉ እየተንሸራተቱ ወገባቸውን እያመማቸው የሚያድሩ አሉ። መጀመሪያ ሙሉ ንፉት፣ ከዛ ላዩ ላይ በምትተኙበት ጎን ተኙና ቫልቩን (የአየር መግቢያውን) ትንሽ ትንሽ እየከፈታችሁ አየር አስወጡ፣ ዳሌያችሁ ሰመጥ ብሎ ግን መሬት ሳይነካ ሲቀር ዝጉት። በጎን የሚተኛ ሰው ይሄን ካላደረገ 200 ዶላሩም አይጠቅመውም። ፎም ብቻ ላላችሁና በጎን ለምትተኙ ደግሞ የተጣጠፈ ሹራብ ዳሌ ስር ማድረግ ብዙ ለውጥ አለው፣ ቀላል ነገር ነው ግን ሞክሩት።

በአፍ መንፋትም ሌላ ጣጣ ነው። 3,600 ሜትር ላይ ቀኑን ስትወጡ ውላችሁ ፍራሽ በአፍ ስትነፉ ያዞራችኋል፣ የትንፋሽ እርጥበትም ውስጡ ገብቶ ይቀራል። ትልቅ የቆሻሻ ፌስታል ውሰዱ፣ አፉን ከፍታችሁ አየር ሙሉበት፣ ቫልቩ ላይ በእጃችሁ አጥብቃችሁ ይዛችሁ ከላይ ወደ ታች ጠቅልሉት፣ አየሩ ይገባል። ፓምፕ መግዛት አያስፈልግም።

"ጠዋት ለስልሶ ካገኘሁት ተበስቷል ማለት ነው"

ላይሆን ይችላል። ማታ በሞቀ ትንፋሽ የተነፋ አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ስለዚህ ምንም ሳይበሳ ይለሰልሳል። ከመተኛታችሁ በፊት አየሩ ከቀዘቀዘ በኋላ አንዴ ጨምሩበት። ተቃራኒውም አለ፣ ቫልቩ ሲከፈት በራሱ አየር የሚስበው፣ ውስጡ ፎም ያለበት ፍራሽ ጎንደር ላይ ቫልቩ ተዘግቶ ከተጠቀለለ ጨነቅ ሲደርስ ውጪ ያለው የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ሊያብጥ ይችላል፣ አየሩን በደንብ አስወጥታችሁ ጠቅልሉ።

"እዛው እከራያለሁ፣ ምን አስጨነቀኝ"

መከራየት ጥሩ ነው፣ በተለይ አንዴ ብቻ ለሚሄድ ሰው ከመግዛት ይሻላል፣ ጎንደርም ደባርቅም የሚያከራዩ አሉ። ግን ሳታዩ አትቀበሉ። ፎም ከሆነ በሁለት ጣት ጨምቁት፣ ቶሎ ካልተመለሰ ብዙ ሰው ተኝቶበት አልቋል፣ አንድ ሳይሆን ሁለት ስጡኝ በሉ፣ እላፊው ክፍያ ከሌሊቱ ብርድ ጋር አይወዳደርም። የሚነፋ ከሆነ እዛው ነፍታችሁ ሻይ እስክትጠጡ ተዉት፣ ስትመለሱ ከለሰለሰ ሌላ ጠይቁ። ውጪ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ፎም አስመጡልኝ ከማለት የሚነፋውን አስመጡ፣ ፎም ቀላል ቢሆንም ሻንጣ ውስጥ ቦታ ይበላል፣ የሚነፋው ግን ተጠቅልሎ የአንድ ሊትር ውሃ ጠርሙስ ያህላል። አሜሪካ እነ አር ኢ አይ የሚባሉት የካምፒንግ እቃ ሱቆች ያገለገለ እቃ በቅናሽ ይሸጣሉ፣ እዛ ያለው ዘመዳችሁ ከማምጣቱ በፊት ነፍቶ አንድ ሌሊት ይተኛበት።

"ከተበሳ አለቀለት"

አላለቀለትም። ነፍታችሁ የሳሙና ውሃ ቀቡት፣ አረፋ የሚወጣበት ቦታ ነው ቀዳዳው፣ በእስክሪብቶ ክበቡት፣ አድርቁት፣ በአልኮል ጥረጉትና መጠገኛ ለጥፉበት። የሳይክል ጎማ ማጣበቂያ ግን አብዛኞቹ ዘመናዊ ፍራሾች በተሰሩበት ናይለን ላይ በደንብ አይይዝም፣ ከፍራሹ ጋር የሚመጣውን የጥገና እቃ ወይም ለድንኳን የሚሆነውን ጠንካራ ፕላስተር ይዛችሁ ውጡ። ፕላስተሩን ከለጠፋችሁ በኋላ አየሩን ቶሎ አትሙሉበት፣ በመዳፋችሁ ጫን ብላችሁ አሙቁት፣ ከተቻለ ከሰዓት ለጥፋችሁ ማታ ንፉት።