የክሪስታል ቅርጽ ቁጥጥር ምንድን ነው?

ጨው የሟሟበት ንጹሕ ውሃ ቀስ እያለ ሲተን ከሥሩ የሚቀሩት ቅንጣቶች ኩብ ቅርጽ አላቸው፤ በውሃው ውስጥ ዩሪያ በብዛት ከተጨመረ ግን ያው ጨው ባለ ስምንት ገጽ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። የሶዲየምና የክሎሪን አደራደር ከውስጥ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ወደ ውጭ የሚታየው ገጽ ብቻ ነው። ይህን ለውጥ ለአንድ ዓላማ ሲባል አስቦ መምራት የክሪስታል ቅርጽ ቁጥጥር ይባላል።

ነገሩ መጀመሪያ ሲሰሙት የተገላቢጦሽ ይመስላል። ክሪስታል ሲያድግ ፈጥኖ የሚያድገው ገጽ እየጠበበ ሄዶ ይጠፋል፤ ቅርጹን በመጨረሻ የሚወስኑት በዝግታ ያደጉት ገጾች ናቸው። ስለዚህ ኬሚስቱ አንድ ገጽ እንዲቀርለት ሲፈልግ የዚያን ገጽ እድገት ማዘግየት አለበት፤ ይህንንም የሚያደርገው በገጹ ላይ መርጦ የሚለጠፍና አዳዲስ አተሞች እንዳይደረደሩበት የሚያግድ አዮን ወይም ሞለኪውል በመጨመር ነው።

በነጭ ቀለም ውስጥ የሚገኘው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ አናታዝ የተባለ የክሪስታል ዓይነት አለው፤ ይህም ብርሃን ሲያርፍበት ኬሚካዊ ለውጥን ያፋጥናል። ከአናታዝ ክሪስታል የውጭ ገጽ ብዙውን ጊዜ ከ94 በመቶ በላይ የሚሆነው 101 በሚል ቁጥር የሚታወቀው ነው (ቁጥሩ የገጹን አቅጣጫ የሚለይ ስያሜ ነው)፤ ምክንያቱም ኢነርጂው ያነሰ ገጽ ይበልጥ የተረጋጋ ነው፤ የዚህ ገጽ ኢነርጂ በስሌት በካሬ ሜትር 0.44 ጁል ገደማ ሲሆን፣ ይበልጥ ንቁ ነው የሚባለው የ001 ገጽ ግን 0.90 ይደርሳል። በ2008 በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ተጠቅመው (ቆዳ ዘልቆ የአጥንትን ካልሲየም የሚያጠቃ፣ ቸልታን የማይምር አሲድ ነው) የ001 ገጽ ድርሻ 47 በመቶ የደረሰበት ክሪስታል ሠሩ። በአሲዱ ውስጥ ያለው ፍሎሪን በገጹ ላይ ሲለጠፍ የሁለቱን ገጾች መረጋጋት ስለገለበጠው ቀድሞ የሚጠፋው ገጽ ሰፍቶ ቀረ፤ ፍሎሪኑም ኋላ በማሞቅ ተወገደ፣ ቅርጹ ግን አልፈረሰም።

ከዚያ በኋላ ብዙዎች የ001 ገጽ በሰፋ ቁጥር ውጤቱ ይሻላል ብለው ነበር፤ በእኔ እይታ ይህ የችኮላ ግምት ነበር። ብርሃን ሲያርፍ ኤሌክትሮኖች ወደ 101፣ ኤሌክትሮን የለቀቃቸው ባዶ ቦታዎች ደግሞ ወደ 001 ገጽ እንደሚያዘነብሉ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል፤ አንደኛው ገጽ ከሞላ ጎደል ከጠፋ ኤሌክትሮኖቹና ባዶ ቦታዎቹ የሚለያዩበት መንገድ ይጠባል፣ ተመልሰው ሲገናኙም የተቀበሉት ብርሃን ሥራ ሳይሠራ ይባክናል።