የታሚል አናባቢዎች በኮምፒውተር ኮድ ውስጥ

ታሚል በደቡብ ሕንዷ ታሚል ናዱ፣ በስሪላንካና በሲንጋፖር ይፋዊ ቋንቋ ነው። 12 አናባቢና 18 ተነባቢ አለው። ሁለቱ ሲዋሐዱ 216 ፊደላት ይወጣሉ፤ ሁሉም ተደምረው «አይተም» የምትባለው ብቸኛ ምልክት ስትጨመር ጠቅላላው 247 ይሞላል። ሀሁን ለቆጠረ ሰው ነገሩ ብዙም እንግዳ አይደለም። መንገዳችን የሚለያየው ኮምፒውተር ውስጥ ስንገባ ነው።

የዓለም ፊደላትን ለኮምፒውተር በቁጥር ኮድ የሚወክለው ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝን ፊደል ሲያስገባ ለ«ኮ» የራሷን አንድ ኮድ ሰጣት። ታሚል ግን ቀደም ብሎ በ1991 ነው የገባው፤ የተከተለውም ሕንድ በ1988 ያወጣችውን «ኢስኪ» የተባለ አሠራር ነው። በዚያ አሠራር ተነባቢው አንድ ኮድ አለው፣ የአናባቢው ምልክት ደግሞ ሌላ። ስለዚህ የዩኒኮድ ኮዶች በሚቀመጡበት በዩቲኤፍ-8 መንገድ የእኛዋ «ኮ» 3 ባይት ስትይዝ የእነሱ 6 ትይዛለች።

ፈተናው ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። አንዳንዶቹ የአናባቢ ምልክቶች የሚጻፉት ከተነባቢው በስተግራ ነው። ዓይን መጀመሪያ የሚያየው ምልክቱን ነው፤ ዩኒኮድ ግን የሚያስቀምጠው በአነባበብ ስለሆነ ተነባቢውን ያስቀድማል። ምልክቱን ወደ ግራ የሚወስደው ፎንቱን የሚያሳየው ፕሮግራም ነው። እኔ ይህን ትክክለኛ ውሳኔ እላለሁ፤ ቃላትን በፊደል ተራ መደርደርን ያቀላል። ዩኒኮድ ከመስፋፋቱ በፊት በሰፊው ይሠራበት የነበረው «ቲስኪ» የተባለ የታሚል አሠራር ግን በዓይን እንደሚታየው ነበር የሚያስቀምጠው።

«ኦ» ደግሞ ተነባቢውን ከግራም ከቀኝም ያቅፈዋል። ምልክቱ በአንድ ኮድ ሊጻፍ ይችላል፣ ግራና ቀኙ ተለያይቶ በሁለትም። ስክሪን ላይ ልዩነት የለውም። ዩኒኮድም ሁለቱን እኩል ናቸው ይላል። ፕሮግራሙ አንድ ካላደረጋቸው ግን የጻፍከውን ቃል ሰርች አድርገህ ታጣዋለህ።

ከሁሉም የሚያስቸግረው «አው» ነው። የምልክቱ የቀኝ ግማሽ ቁርጥ «ላ» የተባለውን ሌላ ፊደል ይመስላል። ታሚል ውስጥ ሁለት «ላ»ዎች አሉ፤ የሚመስለው ምላስ ወደ ላይ ታጥፎ የሚነበበውን ነው። «ክብር» ማለት የሆነውን «ጋውራቫም» ብዙ ሰው በትክክለኛው ምልክት ፋንታ በዚህ ፊደል ይጽፈዋል። ለአንባቢ ምንም አይታየውም፤ ለኮምፒውተር ግን ሌላ ቃል ነው።

ለየፊደሉ አንድ ኮድ ይሰጠው የሚሉ ወገኖች «ታሴ 16» የተባለ አሠራር ሠርተዋል። የታሚል ናዱ መንግሥትም በ2010 ከዩኒኮድ ጎን ለጎን ተቀብሎታል። የኛን ፊደል ላየ ጥያቄያቸው ሚዛን ይደፋል። ዩኒኮድ ግን አንዴ የሰጠውን ኮድ አይሰርዝም፣ ቦታውንም አይቀይርም። «ታሴ 16» የተቀመጠው ዩኒኮድ ለማንም ሳይመድብ ለግል አገልግሎት በተወው ክፍል ነው፤ ፎንቱ የሌለው ሰው ሲከፍተው የሚያየው ባዶ ሳጥን ብቻ ነው።