«4 ጂቢ ግራፊክስ» ምንድን ነው?

«ግራፊክሱ ስንት ጂቢ ነው?»

ኮምፒውተር ሊገዛ የፈለገ ሰው ከዋጋው ቀጥሎ የሚጠይቀኝ ይህንን ነው። ሻጮችም ጥያቄውን ስለለመዱት ቁጥሩን በትልቁ ይጽፉታል። 4 ጂቢ። 8 ጂቢ። አጠገቡ «ጌሚንግ» የምትል ቃል ትለጠፋለች። ኪቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ካለማ ዋጋው ላይ ሌላ ነገር ይጨመራል።

እኔ ኮምፒውተር ስገጣጥምና ስጠግን ነው የምውለው። በዚህ ጉዳይ መከራከር ትቼ ነበር። ሰሞኑን ግን አንድ ልጅ ቲክቶክ ላይ «ጂቢው ሲበዛ ጌሙ ይፈጥናል፣ በቃ ይኸው ነው» ሲል ሰማሁት። በቃ አይደለም፣ ወንድሜ።

ግራፊክስ ካርድ ስክሪኑ ላይ የምታዩትን ሥዕል የሚሠራው የኮምፒውተሩ ክፍል ነው። ጂቢው ግን የካርዱ ጉልበት አይደለም። ካርዱ ላይ ያለው ሜሞሪ መጠን ነው። ጌሙ የሚፈልጋቸው ሥዕሎች፣ የተጫዋቹ ፊት፣ የስታዲየሙ ሣር እዚያ ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ሥዕሉን የሚሠራው ካርዱ ላይ ያለው ቺፕ ነው። ስለ ቺፑ የሚጠይቅ ሰው ግን በወር አንድ ቢገኝ ነው።

ባለፈው ወር አንዲት እናት ላፕቶፕ በጥቁር ፌስታል ጠቅልለው መጡ። ለልጃቸው የገዙት ነው። «ልጄ፣ 8 ጂቢ ግራፊክስ አለው ብለው ሸጡልኝ። ልጁ ግን ኳሱ ይንቀራፈፋል እያለ ነዘነዘኝ» አሉኝ።

ከፈትኩት። የዊንዶውስ መፈለጊያው ላይ «ዲኤክስዲያግ» (dxdiag) ብዬ ጻፍኩ። ማንም ሰው ከመክፈሉ በፊት ሱቁ ውስጥ ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። «ዲስፕሌይ» የሚለው ገጽ ላይ የግራፊክሱ የራሱ ሜሞሪ 128 ሜጋባይት ይላል። ከሥሩ «ሼርድ» የሚል መስመር አለ፤ 8 ጂቢ ገደማ። ሻጩ ያነበበላቸው ይህችን ሁለተኛዋን ነው። ላፕቶፑ 16 ጂቢ ራም፣ ማለትም የኮምፒውተሩ የራሱ ዋና ሜሞሪ፣ አለው። ዊንዶውስ የራሙን ግማሽ ያህል «ሲቸግርህ ከዚህ ተበደር» ብሎ ለግራፊክሱ ፈቅዶለታል። ብድር ነው። የተለየ ግራፊክስ ካርድ የሚባል ነገር ላፕቶፑ ውስጥ የለም።

ይህን እንዴት ላስረዳቸው?

«እናቴ፣ ቡሃቃው ትልቅ ቢሆን እንጀራው ቶሎ ይደርሳል?»

ሳቁ። «ምጣዱ አንድ ከሆነ ምን ዋጋ አለው?»

ቲክቶክ ላይ ያለው ልጅ ያልገባው ነገር ለእሳቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ገባቸው። ጂቢው ቡሃቃ ነው። ቺፑ ምጣድ ነው።

ከምሳሌው ሳልወጣ ልቀጥል። ጂቲ 730 የሚባል ካርድ አለ፤ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ። ጂቲኤክስ 1650 ደግሞ በ2019 ወጣ። ሁለቱም በ4 ጂቢ ይገኛሉ። ማስታወቂያ ላይ ሁለቱም «4 ጂቢ ግራፊክስ» ናቸው። የመጀመሪያው ቢበዛ 384 ኮር አለው፤ ሁለተኛው 896። ኮር ማለት ቺፑ ውስጥ ያለ ትንሽ ሠራተኛ ነው። (እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የተለያየ ዘመን ኮር እርስ በርሱ አይወዳደርም፤ የአዲሱ አንድ ኮር ከአሮጌው አንድ ኮር የበለጠ ይሠራል። ስለዚህ ልዩነቱ ቁጥሩ ከሚያሳየው ይሰፋል።) ደግሞ ሊጡ ከቡሃቃው ወደ ምጣዱ በምን ይደርሳል? የጂቲ 730 ርካሹ ዓይነት በሰከንድ 14.4 ጂቢ ያመላልሳል። 1650ው ሲወጣ 128 ጂቢ ያመላልስ ነበር። አንዱ ሊጡን በቡና ሲኒ፣ ሌላው በጆግ ይቀዳል ማለት ነው። 4 ጂቢ ሊጥ በቡና ሲኒ ሲቀዳ ይታያችሁ።

ትልቁ ቡሃቃ በትንሹ የሚበለጥበት ጊዜም አለ። አርቲኤክስ 3060 የወጣው በ12 ጂቢ ነው። ከሱ ጥቂት ወራት ቀድሞ የወጣው 3070 ግን 8 ጂቢ ብቻ ነው ያለው። ሲወጡ 3060 በ329 ዶላር፣ 3070 በ499 ዶላር ተተመኑ። ጌም ላይ የሚፈጥነው 8 ጂቢ ያለው ነው። «ጂቢው ሲበዛ ይፈጥናል» ያልከው ወንድማችን ይህን እንዴት ያስረዳናል? ፋብሪካው ተሳስቶ ነው?

እማማ ግን አልለቀቁኝም። «ድግስ ከሆነስ? ቡሃቃው ካነሰ ጉድ ይፈላል» አሉ። ልክ ናቸው፤ ይህንን አለመናገር ውሸት ይሆንብኛል። አርቲኤክስ 4060 ቲአይ በ2023 እ.ኤ.አ. በሁለት ዓይነት ወጣ፤ አንዱ በ8፣ ሌላው በ16 ጂቢ። ቺፑ አንድ ነው። በብዙ ጌሞች ላይ ልዩነታቸው እዚህ ግባ አይባልም። ጌሙ ከባድ ሆኖ፣ ሴቲንጉ ሁሉ ላይ ተሰቅሎ 8ቱ ጂቢ ሲሞላ ግን ነገሩ ይለወጣል። የተረፈው ሊጥ ጎረቤት ይቀመጣል፤ ጎረቤት ያልኩት ራሙን ነው። ለእያንዳንዱ እንጀራ ግቢ አቋርጦ መመላለስ ይመጣል። ስክሪኑ ላይ ጌሙ ድንገት ቆም፣ ቀጥል፣ ቆም ሲል የምታዩት አንዳንዴ ይኸው ምልልስ ነው። ቤቱ ሆኖ የኤአይ ሞዴል ማስኬድ የሚፈልግ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚያየው ቡሃቃውን ነው። ሞዴሉ እዚያ ካልገባ ምጣዱ ምንም ቢግል አይጠቅመውም። ለጌም ግን ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው፤ መጀመሪያ ምጣድ።

ላፕቶፕ ከሆነ ሌላም ጣጣ አለ። የላፕቶፑ አርቲኤክስ 3050 እንደ ላፕቶፑ አሠራር ከ35 ዋት እስከ 80 ዋት ሊሰጠው ይችላል። ስሙ አንድ፣ ጂቢው አንድ፣ ጉልበቱ ግን ለየቅል ነው። መብራት ደከም ሲል የኤሌክትሪክ ምጣድ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ይጣዳል፣ ግን አይግልም፤ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። ስስ ላፕቶፖች ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው። ማስታወቂያ ላይ ዋቱን የሚጽፍ ሻጭ እስካሁን አላጋጠመኝም።

በቁጥሩ የሚጫወተው የሰፈር ሻጭ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የእነዚህ ሁሉ ካርዶች ቺፕ አምራች ኒቪዲያ ጂቲኤክስ 970ን 4 ጂቢ ብሎ ሸጠ። በ2015 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሲታይ 3.5 ጂቢው ፈጣን፣ የቀረችው ግማሽ ጂቢ ግን ዘገምተኛ ሆና ተገኘች። አሜሪካ ውስጥ ተከሰሰና በ2016 እ.ኤ.አ. ለእያንዳንዱ ካርድ ለገዢው 30 ዶላር ለመክፈል ተስማማ። እኛ ጋ ተበላሽቶብናል የሚል ሰው «ስትወስደው ደህና ነበር» ተብሎ ይመለሳል።

ከዚህም የከፋ አለ። ከአሮጌ ካርድ ውስጥ ሶፍትዌሩን ቀይረው አዲስ ስም የሚሰጡት አሉ። ዊንዶውስም ይታለላል። «ጂፒዩ ዚ» (GPU-Z) የሚባል ነፃ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ ይነቃባቸዋል፤ ከስሙ ፊት ፎርጅድ መሆኑን ይጽፋል። በፍላሽ ይዛችሁት ሂዱ።

ይህን ሁሉ የምለው ስህተቱ ውድ ስለሆነ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ተሻገረ። የላፕቶፕ ዋጋ አብሮ ተተኮሰ። ሰው የወራት ደመወዙን ይዞ ሄዶ፣ ያንን ሁሉ ገንዘብ በአንዲት ቁጥር ላይ ይጥላል። ስለዚህ «ስንት ጂቢ ነው?» ከማለታችሁ በፊት የቺፑን ሙሉ ስም ጠይቁ፤ እንደ «ቲአይ» ያለችውን ከኋላው የምትከተል ፊደል ሳይቀር። ሻጩ «ኧረ ጌሚንግ ነው፣ ሁሉንም ይስባል» ካላችሁ ስሙን አያውቀውም ማለት ነው። ወይም ያውቀዋል።

የእማማን ላፕቶፕ ስፈታው 16ቱ ጂቢ ራም አንድ ዘንግ ሆኖ አገኘሁት። ሁለተኛው ቦታ ባዶ ነው። ይህ ከራም ለሚበደር ግራፊክስ መጥፎ ነው፤ ሁለት ዘንግ ሲሆን መንገዱም ሁለት ይሆናል። መደርደሪያ ላይ ሁለት ባለ 8 ጂቢ ነበሩኝ፣ ለወጥኩላቸው። የጌሙን የሥዕል ጥራትም ወደ 720 አወረድኩት።

«ምጣዱንስ መለወጥ አይቻልም?» አሉኝ።

«ከላፕቶፑ ጋር አብሮ የተሠራ ነው፣ እናቴ።»

ማታ ልጁ ራሱ ደወለ። ኳሱ አሁን ይሄዳል። «ግን ጋሼ፣ ሣሩ አረንጓዴ ምንጣፍ መሰለ» አለኝ።

«ሣሩን ተወውና ጎል አግባ» አልኩት።