ማሽን ለርኒንግ እና አላስፈላጊ የደም ምርመራን የመቀነስ ጥረት

በማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተር ከብዙ መረጃ ተምሮ እንዲገምት በሚያደርግ ዘዴ) አላስፈላጊ የላቦራቶሪ ምርመራን መቀነስ ማለት፣ ከሕመምተኛው የቀደሙ ውጤቶች በመነሣት ቀጣዩ የደም ናሙና አዲስ ነገር ይናገር ወይም ያንኑ ይደግም እንደሆነ አስቀድሞ መገመት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የአውሮፓ ጥናት እንዳሳየው፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ከአንድ ሰው በቀን በአማካይ 41 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ለምርመራ ይወሰድ ነበር። በሳምንት ሲሰላ ወደ 290 ሚሊ ሊትር ይጠጋል፤ ጤናማ ለጋሽ በአንድ ጊዜ ከሚሰጠው ከግማሽ በላይ ደም፣ ሰውነቱ የጎደለውን ለመተካት ከደከመ ሰው ይወሰዳል ማለት ነው። ሆስፒታል ከገቡ በኋላ ለሚከሰት የደም ማነስ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ድግግሞሹ ብዙ ጊዜ የሚመነጨው ሕመምተኛው ሲተኛ «በየቀኑ ይደገም» ተብሎ ከሚጻፍ ትእዛዝ ነው። የአሜሪካ የሆስፒታል ሕክምና ማኅበር በ2013 ባወጣው ምክር፣ ሁኔታውም ውጤቱም ለተረጋጋ ሕመምተኛ የደም ቆጠራና የኬሚስትሪ ምርመራ እየደጋገሙ ማዘዝ እንዲቀር አሳስቧል። ከዚህም ሌላ የምርመራ መደበኛ ወሰኖች የሚወጡት ከጤናማ ሰዎች 95 በመቶውን እንዲያቅፉ ሆነው ስለሆነ፣ እርስ በርስ የማይገናኙ 20 ምርመራዎች የተደረጉለት ጤነኛ ሰው ቢያንስ በአንዱ ከወሰኑ የመውጣት ዕድሉ 64 በመቶ ነው፤ ያ አንዱ ደግሞ ሌላ ምርመራ ያስከትላል።

የመስኩ ተመራማሪዎች ብዙ የተማሩት በቦስተን ቤት እስራኤል ዲከነስ ሆስፒታል ከ2001 እስከ 2012 ከታከሙ ከ40,000 በላይ የጽኑ ሕሙማን መዝገብ ነው። በ2013 የወጣ አንድ ጥናት የጨጓራና የአንጀት መድማት በነበረባቸው ሕሙማን ላይ ምርመራዎችን በአማካይ በግማሽ መቀነስ እንደሚቻል አመልክቷል። በ2019 የፕሪንስተን ተመራማሪዎች ሞዴላቸውን፣ ማለትም ከመረጃ የሚማረውን የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ በሽልማትና በቅጣት አሠልጥነው ላክቴትንና (የሰውነት ኦክስጅን እጥረት ምልክት) ክሬቲኒንን (የኩላሊት ሥራ መለኪያ) የመሳሰሉ ምርመራዎች መቼ መታዘዝ እንዳለባቸው እንዲወስን አደረጉ። እነዚህ ግን ያለፈ መዝገብን መልሶ በማንበብ የተገኙ ውጤቶች ናቸው፤ ከአልጋ አጠገብ ከሚደረግ ሙከራ ጋር እኩል ሊቆጠሩ አይገባም።

ትልቁ ችግር ከመዝገቡ ጠባይ ይመጣል። ያልታዘዘ ምርመራ ውጤት የለውምና፣ ቢደረግ ኖሮ ምን ያሳይ እንደነበር ሞዴሉ ሊማር አይችልም። ሐኪም ከሌሊቱ 10 ሰዓት የነጭ የደም ሴል ቆጠራ ሲያዝ ትእዛዙ ራሱ ሥጋቱን ይናገራል፤ በ2018 በሁለት የቦስተን ሆስፒታሎች መረጃ ላይ የተደረገ ጥናት ከ174 የምርመራ ዓይነቶች በ118ቱ፣ የሕመምተኛውን በሕይወት መቆየት ከውጤቱ ይልቅ የምርመራው ሰዓት በተሻለ እንደሚተነብይ አግኝቷል። ይህን ምልክት የተማረ ሞዴል ሐኪሙ ማዘዝ ሲተው መመሪያውን ያጣል።

የስሕተቱም ክብደት አንድ ዓይነት አይደለም፤ በደም ውስጥ ከፍ ያለ ፖታሲየምን ሳያዩ ማለፍ ልብን ሊያቆም ይችላል። ሶዲየምና ፖታሲየም ደግሞ ከአንድ ቱቦ ስለሚለኩ፣ አንዱን ብቻ መሰረዝ መርፌውንም ደሙንም አያስቀርም፤ የሚጠቅመው ናሙናው ራሱ ሲቀር ነው። ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው በ2013 የወጣ የ15 ዓመታት ጥናቶች ግምገማ ነው፤ ከተደረጉት ምርመራዎች አላስፈላጊ የሆኑት 20.6 በመቶ ሲሆኑ፣ መደረግ ከነበረባቸው ደግሞ ያልተደረጉት 44.8 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል።