ለጌጣጌጥ የሚሠሩ የሽቦ ቀለበቶች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሐረር ጁገል ውስጥ የአንገት ሐብል ወይም የጆሮ ጉትቻ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚመለከተው ዶቃውንና ፈርጡን ነው፤ ጌጡ ተለያይቶ የሚወድቀው ግን ብዙውን ጊዜ ዶቃውን ከሰንሰለቱ በሚያያይዘው ትንሽ የሽቦ ቀለበት በኩል ነው። ይህን ሥራ የሚጀምሩ ወጣቶች ስለዚህ ቀለበት የያዟቸው አንዳንድ እምነቶች የሚያምር ሥራን ስለሚያበላሹ ሊታረሙ ይገባል።

«ብር ግሎ ውኃ ውስጥ ሲነከር ይጠነክራል።» ከሁሉም የበለጠ የሚጎዳው ይህ ነው። እምነቱ ከቢላዋ ሥራ የመጣ ይመስለኛል፤ በቂ ካርቦን ያለው ብረት ግሎ በድንገት ሲቀዘቅዝ በእርግጥ ይጠነክራልና። ብርና መዳብ ግን ደብዘዝ ያለ ቅላት እስኪያሳዩ፣ ማለትም 600 ወይም 650 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እስኪደርሱ ሲግሉ ይለሰልሳሉ፤ ውኃ ውስጥ መንከርም አያጠነክራቸውም። የሚያጠነክራቸው መታጠፍ፣ መሳብና መቀጥቀጥ ነው፤ ይህም ሲበዛ ሽቦው ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ የተበላሸን ቀለበት ደጋግሞ እየዘረጉ ማጠፍ አይበጅም። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ሽቦውን አስቀድሞ በእሳት ማለስለስ፣ ከዚያ መጠቅለል፣ በመጨረሻም ጠፍጣፋ ብረት ላይ አስቀምጦ በእንጨት ወይም በቆዳ መዶሻ በቀስታ መምታት ነው። ቀለበቱ የሚበየድ ከሆነ የብየዳው ሙቀት መልሶ ስለሚያለሰልሰው መምታቱ ከብየዳው በኋላ መሆን አለበት።

«ብሩ ንጹሕ በሆነ መጠን ቀለበቱ ይጸናል።» ንጹሕ ብር በጣም ለስላሳ በመሆኑ ክብደት ሲያርፍበት ይከፈታል። በአገራችን አንጥረኞች እያቀለጡ ጌጥ ሲሠሩበት የኖሩት፣ 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት የማርያ ቴሬዛ ብር ከ1000 እጅ 833ቱ ብር ሲሆን ቀሪው በዋነኝነት መዳብ ነው፤ ጥንካሬ የሚሰጠውም ይኸው መዳብ ነው።

«የሽቦው ርዝመት የቀለበቱ የውስጥ ስፋት በ3.14 ተባዝቶ ይገኛል።» የሽቦው ውፍረት ተዘንግቷል። 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ሽቦ የውስጥ ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀለበት ለመሥራት የሚያስፈልገው 12.6 ሳይሆን 15.7 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ሁለቱ ተደምረው፣ 5 በ3.14 ይባዛልና። ለትልቅ አምባር ልዩነቱ እምብዛም አይታይም፤ ለትንሽ ቀለበት ግን ጫፍና ጫፉ ሳይገናኝ ይቀራል።

«ቀለበት የሚከፈተው ጫፎቹን ግራና ቀኝ በመሳብ ነው።» እንዲህ የተከፈተ ቀለበት ክብነቱን ያጣል። በሁለት ፒንሳ ይዞ አንዱን ጫፍ ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ ማዞር፣ ሲዘጋም በመጣበት መንገድ መመለስ ይገባል።

«እኩል ቀለበት መሥራት የእጅ ተሰጥኦ ነው።» ክብ ጫፍ ያለው ፒንሳ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ ሽቦው ያረፈበት ቦታ የቀለበቱን መጠን ይወስናል፤ ስለሆነም በፒንሳው ላይ በቀለም ምልክት አድርጎ ሽቦውን ሁልጊዜ እዚያው ላይ የሚጠቀልል ጀማሪ የጥንድ ጉትቻዎቹን ቀለበቶች እኩል ማድረግ ይችላል።