የወር አበባ «ታመቀ» ማለት ምንድን ነው? ደሙስ የት ሄደ?

ባለፈው ሳምንት አንዲት የ23 ዓመት ልጅ ወደ ክፍሌ ገባች። ገና ወንበሩ ላይ ሳትደላደል «ዶክተር፣ ደሜ ታምቆብኛል፤ አራት ወሩ» አለችኝ።

ታምቆብኛል። ይህን ቃል በሰማሁ ቁጥር ውስጤ እርር ይላል።

ከቦርሳዋ በጋዜጣ የተጠቀለለ ቅጠላ ቅጠል አወጣች። ቀጥላ ስልኳን። ቪዲዮው ላይ ነጭ ጋዋን ያጠለቀ ሰውዬ «ሳይወጣ የቀረ የወር አበባ ማህፀን ውስጥ ይጠራቀማል፣ ይበሰብሳል፣ መርዝ ሆኖ ወደ ጭንቅላት ይወጣል» ይላል። መድኃኒቱ ደግሞ «በሦስት ቀን ጠራርጎ ያወርደዋል»። የሰውየውን ስም አልጠራም። ዛሬ የምጽፈው ግን ከእሱ ጋር ለመጨቃጨቅ ነው።

ጥፋቱ ከቃሉ ይጀምራል። የታመቀ ነገር ማለት ያለ፣ ግን መውጫ ያጣ ነገር ነው። የቀረ ነገር ሌላ ነው። እንግዳ ቀረ ሲባል በራፍ ላይ ተቀርቅሮ ቆሟል ማለት አይደለም። አልመጣም ማለት ነው። የወር አበባም ሲቀር፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር፣ የትም የተከማቸ ደም የለም። ደሙ የት ሄደ? የትም አልሄደም። ደም ሥርሽ ውስጥ እየዞረ ነው።

እንግዳ ካልኩ አይቀር በዚያው ልቀጥል። ማህፀን በየወሩ ድግስ ይደግሳል። የሚጠበቀው እንግዳ ጽንስ ነው። ድንኳኑ ይተከላል፣ ምንጣፉ ይነጠፋል። ማለትም የማህፀን ውስጠኛው ሽፋን ይወፍራል፣ ደም ሥር ይዘረጋበታል። እንግዳው ከመጣ ድግሱ ዘጠኝ ወር ይቀጥላል። ካልመጣ፣ እንቁላል ከወጣ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ድንኳኑ ይፈርሳል፣ ምንጣፉ ይጠቀለላል። የወር አበባ ይኸው ነው፤ የድግስ ማግስት ጽዳት። «መጥፎ ደም» የሚባል ነገር አይደለም። ሰውነት መርዝ የሚያስወግድበት መንገድም አይደለም። መርዝ የሚያስወግዱት ጉበትና ኩላሊት ናቸው፤ እነሱን ደግሞ ወንዶችም አላጧቸውም።

ድግስ ካልተደገሰ የሚጠረግ የለም። ስለዚህ «እንዴት ላውርደው?» ከማለት በፊት «ለምን አልተደገሰም?» ማለት ይቀድማል።

ድግሱን የሚያዘው ማህፀን አይደለም። ማህፀን ቤቱ ነው። ትዕዛዙ የሚነሳው ከአንጎል ነው። ከአንጎል ሥር ያለች፣ አተር የምታክል፣ ፒቱታሪ የምትባል ዕጢ ታስተላልፈዋለች። ኦቫሪ ይቀበልና እንቁላል ያሳድጋል፣ ሆርሞን ያመነጫል። ከዚህ ሰንሰለት አንዱ ቀለበት ከተበጠሰ ቤቱ ባዶ ይውላል። እኔ ጋ «ማህፀኔ ተበላሸ» ብለው ከሚመጡት የብዙዎቹ ማህፀን ምንም አልሆነም። ትዕዛዝ ነው ያልደረሰው።

በነገራችን ላይ «ሆርሞንሽ ተዛብቷል» ማለትም ምርመራ አይደለም። የቱ ሆርሞን? የአንገት ዕጢው የታይሮይድ? የጡት ወተት የሚያዘው የፕሮላክቲን? ለምን? ይህን ሳይነግር «ሆርሞን ነው» ብሎ የሸኛችሁ ሰው «ውጭ አየሩ አየር ነው» እንዳላችሁ ቁጠሩት።

አሁን ወደ ጓዳው እንግባ። ቤት ውስጥ እህል ሲጠፋ ድግስ ይሰረዛል። አንጎልም እንዲያው ነው። ሰውነት ከሚያወጣው ጉልበት ያነሰ ሲበላ፣ ጭንቀት ሲበዛ፣ እንቅልፍ ሲጠፋ «ለጊዜው እንግዳ አንጠራም» ይላል። በቀን ሁለቴ ልምምድ የምትሠራ ሯጭ ላይ አየዋለሁ። ለመልቀቂያ ፈተና የምትዘጋጅ ተማሪ ላይ አየዋለሁ። ዓረብ አገር በሰው ቤት እየሠራች፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ተኝታ ጎሕ ሳይቀድ የምትነሳ ልጅም በስልክ ትጠይቀኛለች። ጾምን ደግሞ ብዙዎች ያነሱብኛል። ጾሙ በራሱ አይደለም ችግሩ፤ በማፍጠሪያው ሰዓት የሚበላው ለቀኑ ካልበቃ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ይህ ዓይነቱ መቅረት «ለጊዜው ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ኤስትሮጅን የሚባለው የኦቫሪ ሆርሞን ለወራት ሲጎድል አጥንት ይሳሳል። የ20 ዓመት ሯጭ የእግሯ አጥንት ሲሰነጠቅ አሠልጣኙ ጫማዋን ይመረምራል። የወር አበባዋን የሚጠይቅ የለም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ ጉዳይ ነው። ዲፖ የሚባለው። መርፌው አንጎልን «እንቁላል አታዘጋጅ» ይለዋል፤ የማህፀንን ሽፋንም ያሳሳዋል። ድግሱ ራሱ ታግዷል ማለት ነው። ለአንድ ዓመት ከተጠቀሙት ሴቶች ግማሽ ያህሉ የወር አበባ ማየት ያቆማሉ። ይህ መርፌው እየሠራ ለመሆኑ የሚጠበቅ ነገር እንጂ በሽታ አይደለም። እናስ? ያ ሰውዬ «ታምቋል» ይላቸዋል። ጎረቤት «ታምቋል» ትላቸዋለች። መርፌውን ይተዋሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ያላቀዱትን እርግዝና ይዘው ይመጡብኛል። ለዚያ ቪዲዮ ስንት ሰው ልብ እንደሰጠው ሳይ እነዚህ ሴቶች ትዝ ይሉኛል። ለማንኛውም፣ መርፌውን ስትተዉ የወር አበባ ወዲያው አይመለስም። ለማርገዝ የሚያስችለው አቅም የሚመለሰው ከመጨረሻው መርፌ በኋላ በአማካይ ወደ 10 ወር ቆይቶ ነው። አንዳንዷ ጋ ግን ቶሎ ይመለሳል። ስለዚህ ቀጠሮ ያለፋት ሴት «መርፌው ነው» ብላ መተኛት የለባትም።

እዚህ ጋ ተከራካሪዬ እጁን ያወጣል። «ታዲያ ፒሲኦኤስስ? እዚያስ አይጠራቀምም?» ፒሲኦኤስ እንቁላል በወጉ እንዳይወጣ የሚያደርግ የሆርሞን ችግር ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱ ነው የሚያመልጠው። ፒሲኦኤስ ባለባት ሴት ድግሱ ይደገሳል። ግን ብዙውን ጊዜ እንቁላል አይወጣም። እንቁላል ካልወጣ ፕሮጀስትሮን የሚባለው ሆርሞን አይመጣም፤ «በቃ፣ ድንኳኑ ይነሳ» የሚለው ትዕዛዝ ደግሞ ከእሱ መምጣትና መሄድ ጋር ነው የተያያዘው። ስለዚህ ምንጣፍ በምንጣፍ ላይ ይነጠፋል። የሚወፍረው ሽፋኑ ነው። የተከማቸ ደም አይደለም፣ መርዝም አይደለም፣ ጭንቅላት ድረስ የሚወጣበት መንገድም የለውም። ግን ለዓመታት ከተተወ ሕዋሳቱ ወደ ካንሰር ሊያመሩ ይችላሉ። እንዲህ ያለችውን ሴት በዓመት ሁለቴ ብቻ እያየች እንድትቆይ የማልፈቅድላት ለዚህ ነው። ቢያንስ በየሦስት ወሩ ሽፋኑ እንዲወርድ፣ ወይም እንዳይወፍር የሚጠብቅ መድኃኒት እንድትወስድ አደርጋለሁ። ሻይ ይህን አይሠራም።

ፍትሐዊ ለመሆን ደግሞ፣ ደም በእውነት የሚታመቅበት አጋጣሚ አለ። የ14 ወይም የ15 ዓመት ልጅ ናት። ጡቷ አድጓል፣ በየወሩ ሆዷን ይቆርጣታል፣ ደም ግን አይታይም። አንዳንዷ ስትወለድ ጀምሮ ድንግልናዋ ቀዳዳ የለውም፤ ወይም የብልት መንገዷ በግርዶሽ ተዘግቷል። ድግሱ አለ፣ ጽዳቱም አለ፣ በሩ ነው የተቀረቀረው። በአገራችን ተገርዘው የተሰፉ ሴቶች ላይም ጠባሳው መውጫውን ሲያጠብ ይህን እናያለን። ይህ በቀዶ ጥገና ይፈታል። ሰውየው «ታመቀ» ለማለት መብት ያለው እንዲህ በሩ ሲዘጋ ብቻ ነው። እዚህም ቢሆን ቅጠሉ በር አይከፍትም።

ወደ ቅጠሉ ልምጣ። «የወር አበባ ማምጫ» ተብሎ ከሚጠየቀው ግማሹ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ «አርግዤ ይሆን?» የሚል ጥያቄ ነው። እንግዳው መጥቶ ይሆናል ማለት ነው። የሽንት ምርመራ ከፋርማሲ ይገኛል። የወር አበባ ቀኑ ካለፈ ያሳያል። ኔጌቲቭ ከሆነና አሁንም ካልመጣ ከሳምንት በኋላ ይደገም። ፖስት ፒል የወሰደች ቀኗ በጥቂት ቀናት ሊዛነፍ ይችላል፤ ከሳምንት በላይ ከዘገየ ግን ትመርመር። የምታጠባም «የወር አበባዬ ስላልተመለሰ አላረግዝም» አትበል። ያ የሚሠራው ሕፃኑ ከስድስት ወር በታች ሆኖ፣ ጡት ብቻ ቀንም ሌሊትም እየጠባ፣ የወር አበባም ገና ካልተመለሰ ነው። ሦስቱም ባንድ ላይ። የወር አበባ ቀርቶ በአንድ ጎን ከባድ ሕመም፣ ማዞር ወይም መሳት ከመጣ ይህን ጽሑፍ ትታችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ሊሆን ይችላል።

እርግዝናው ያልተፈለገ ከሆነም መሄጃው ጤና ተቋም ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 ጽንስ ማቋረጥ ሕጋዊ የሚሆንባቸውን ሁኔታዎች ዘርዝሯል። ለተደፈረች ሴት የራሷ ቃል ይበቃል፤ ማስረጃ አምጪ አትባልም። ይህን የማያውቅ ሰው ነው እንዶድ የሚጠጣው። እንዶድ ቀንድ አውጣ የሚገድል ተክል ነው። ልብስ ይጠብበት።

ጤና አዳም በቡና ላይ አንዲት ቅንጣት? እኔም እወዳለሁ። አንድ እቅፍ አፍልቶ መጠጣት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሆድን ይረብሻል፣ ጉበትና ኩላሊትን ይጎዳል። ዝንጅብል ለወር አበባ ቁርጠት ትንሽ ያግዝ ይሆናል። የቀረውን አያመጣም። ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የሚገዛው ፕሪሞሉት የሚባለው የሆርሞን ክኒንስ? ወስደው ሲያቆሙት አንዳንዷን ያደማታል። ሰው «መጣልኝ» ይላል። ትዕዛዙን የሰጠው ግን ክኒኑ ነው። ታይሮይዱ ካልታከመ፣ ፕሮላክቲኑ ካልወረደ በቀጣዩ ወር እዚያው ናችሁ።

ከተፈጥሮ መንገድ የሚሠራ የለም ወይ? አለ፤ ግን በጥቅል ስለማይሸጥ ቪዲዮ አይሠራለትም። ክብደት በመቀነስ የቀረው፣ በደንብ በመብላትና ልምምድ በመቀነስ ይመለሳል። ፒሲኦኤስ ያለባትና ክብደቷ የጨመረ ሴት ከክብደቷ ከመቶ 5 እስከ 10 ያህል ብትቀንስ እንቁላል መውጣት ሊጀምር ይችላል። 80 ኪሎ ከሆነች ከ4 እስከ 8 ኪሎ ማለት ነው። እንቅልፍ። ከጭንቀቱ ምንጭ ጋር መነጋገር። ሁሉም የወራት ሥራ ነው እንጂ የሦስት ቀን አይደለም።

መቼ ትጨነቁ? ከአንዱ የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን እስከ ቀጣዩ የመጀመሪያ ቀን ያለው ርቀት ከ21 እስከ 35 ቀን ከሆነ ደህና ነው። ሰው ግን በቀን ቁጥር ይይዘዋል። «ሁሌ በ12 ነው የሚመጣው» ትላለች። የእኛ ወር 30 ቀን ነው። ዑደቷ 28 ቀን ከሆነ በየወሩ ሁለት ቀን ቀደም ይላል። ጳጉሜ ስትገባ ደግሞ ሂሳቡ ጭራሽ ይደበላለቃል። በ30 ቀን የሚመጣላት ሴት ነሐሴ 12 አይታ መስከረም 7 ላይ ያው ይመጣል። «አምስት ቀን ቀድሞብኛል» ብላ ትደነግጣለች። ምንም አልቀደመም። ጳጉሜ ናት።

ቀድሞ በወጉ ይመጣ የነበረ ሦስት ወር ከቀረ፣ ድሮም የሚዛነፍ ስድስት ወር ከቀረ፣ ልጅቷ 15 ዓመት ሞልቷት ከናካቴው ካላየች መመርመር ያስፈልጋል። ሳያጠቡ ከጡት ወተት ከወጣ ፈጥኖ መምጣት ነው፤ አንዳንድ የማስታወክና የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችም ይህን ያመጣሉና የምትወስዱትን ይዛችሁ ኑ። ከ40 ዓመት በታች ሆና ድንገት ሙቀት ወረር የሚያደርጋት ትምጣ። ማህፀኗ ከተጠረገ በኋላ የቀረባትም ትምጣ። ስትወልድ ብዙ ደም ፈሷት፣ ከዚያ ወተትም የወር አበባም ያጣች እናት ደግሞ ያቺ አተር የምታክለው ዕጢ ተጎድታባት ሊሆን ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ የምንለው በሽታም ማህፀን ውስጥ ይገባል፤ እኛ አገር ይህን የሚረሳ ሐኪም መኖር የለበትም።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። የሽንት ምርመራው ኔጌቲቭ ነበር። ታይሮይዷም ደህና ነው። መርፌ አልወሰደችም። «ከአራት አምስት ወር በፊት ምን ተለወጠ?» አልኳት።

«ምንም» አለች። ትንሽ ቆይታ «ሰርጌ ደርሷል። ዳይት ላይ ነኝ» አለች።

«ስንት ቀነስሽ?»

«11 ኪሎ።»

«ዛሬ ምን በላሽ?»

ሰዓቱ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ጠዋት ቡና ጠጥታለች። በቃ።

«ታዲያ ደሙ ውስጤ የለም?» አለችኝ ስትወጣ። የለም አልኳት፤ በአልትራሳውንዱ አብረን አይተነዋል፣ ሽፋኑ ስስ ነው። ምሳ ብይ አልኳት። በሳምንት ተመልሳ ትመጣለች። ጥቅሉን ጠረጴዛዬ ላይ ረስታው ሄደች፤ ወይም ትታው። ክፍሉ እስካሁን ጤና አዳም ጤና አዳም ይሸታል።