ብርድ አገር ጓሮ መያዝ፦ ሚኒሶታ

ብርዳማዋ የአሜሪካ ግዛት ሚኒሶታ ውስጥ ችግኝ ስትገዙ አበባው አያማልላችሁ። መጀመሪያ ችግኙ ላይ የተሰካችውን ካርድ አንብቡ። «ዞን» የሚል ቁጥር አለባት። ቁጥሩ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ከሚያወጣው ካርታ የመጣ ነው። ካርታው አገሩን በ13 ዞን ይከፍለዋል፣ መለኪያው ደግሞ በየዓመቱ የሚመዘገበው ከሁሉም የከፋው ብርድ አማካይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ካርታ አብዛኛውን የሚኒያፖሊስ ከተማ ዞን 5a (የዞን 5 ይበልጥ ብርዳማ ግማሽ) ውስጥ አስገብቶታል፤ ይህ ማለት ከዜሮ በታች ከ26 እስከ 29 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ግን አማካይ ነው። እዚያው ሚኒሶታ፣ ሰሜን ያለችው ታወር የምትባል ከተማ በፌብሩዋሪ 2 ቀን 1996 ከዜሮ በታች 51 ዲግሪ ደርሳለች። የዞኑ ቁጥር ባነሰ ቁጥር ብርዱ ይከፋል፤ ስለዚህ ለዓመታት የሚቆይ ዛፍ ከሆነ ዞን 4 ወይም 3 የሚል ካርድ ያለውን ውሰዱ ባይ ነኝ።

እኛ ክረምት ሲባል ዝናብ፣ ጭቃና ልምላሜ ነው የሚታየን። እዚህ ግን ክረምት መሬቱ ድንጋይ የሚሆንበት ጊዜ ነው። የአገራችን ደጋ ተክል ውርጭ ሊያውቅ ይችላል፤ ወራት የሚዘልቅ እንቅልፍ ግን አያውቅም። ብርድ የለመደ ተክል ቀኑ ማጠር ሲጀምር ዝግጅቱን ይጀምራል። ማደጉን ያቆማል፣ እምቡጡን ይዘጋል፣ ስኳር ያጠራቅማል፣ ሴሎቹ ውስጥ ያለውን ውሃ ቀስ እያለ ወደ ውጭ ያወጣል። ውሃው ከሴሉ ውጭ ቢረጋ (በረዶ ቢሆን) ተክሉ ይተርፋል፣ ውስጡ ከረጋ ግን አለቀ። ከኦገስት አጋማሽ በኋላ ማዳበሪያ አትስጡ የሚባለው ለዚህ ነው። ለጋ ቅጠል እያወጣ ውርጭ ከደረሰበት አይችለውም።

በረዶ ጠላት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ለተክል ግን በረዶ ጋቢ ነው። ውስጡ አየር ስለያዘ የመሬቱን ሙቀት ያቆያል። የሚያስፈራው በረዶ ሳይጥል የሚመጣ ብርድ ነው፤ ከሱ ቀጥሎ ደግሞ ቀን የሚቀልጥ ማታ የሚረጋ መሬት፣ ምክንያቱም አፈሩ ሲያብጥና መልሶ ሲሟሽሽ ሥሩን ወደ ላይ እየገፋ ያወጣዋል። ስለዚህ ጉዝጓዙን መሬቱ ከረጋ በኋላ፣ ኖቬምበር ውስጥ አልብሱ። አንድ ስንዝር የማይሞላ ጭድ ወይም የረገፈ ቅጠል ይበቃል። ሥራው ማሞቅ አይደለም፣ የረጋው እንደረጋ እንዲቆይ ነው። ጽድና ጽድ መሰል ዛፎች ደግሞ ብርዱ ላይ ይጠማሉ፤ ፀሐይና ነፋስ ቅጠላቸውን ያደርቀዋል፣ ሥራቸው ከረጋ አፈር መጠጣት አይችልም። መሬቱ እስኪረጋ ድረስ ውሃ አጠጧቸው።

የጽጌረዳው ነገር ለብቻው ነው። እዚህ ጽጌረዳን ይቀብሩታል፣ ቃል በቃል። ኦክቶበር አጋማሽ ላይ ቅርንጫፎቹን በገመድ ያስራሉ፣ በአንድ በኩል ቦይ ይቆፍራሉ፣ በሌላው በኩል አፈሩን በመንሽ ላላ ያደርጋሉ። ከዚያ ተክሉን ከሥሩ ቀስ አድርገው ቦዩ ውስጥ ያስተኙትና አፈር ይመልሱበታል፣ ከላይ ቅጠል ይከምሩበታል። የሚታጠፈው ሥሩ ጋ ነው፤ ግንዱ ከታጠፈ ይሰበራል። ኤፕሪል ሲደርስ ያወጡትና ያቆሙታል። አሠራሩ የሚጠራው በሚኒሶታ ስም ነው። ይህን ሁሉ የሚፈልገው የተዳቀለው፣ በአበባ ሱቅ የምናውቀው ዓይነት ነው። አቅም ከሌላችሁ ብርድ የሚችሉ ቁጥቋጦ ጽጌረዳዎች አሉ፣ እነሱን ትከሉ።

አፕል ከወደዳችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ብርድ የሚችል ፍሬ ማዳቀል ከጀመረ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሃራልሰን እ.ኤ.አ. በ1922፣ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ሃኒክሪስፕ በ1991 ከዚያ ወጡ። አፕል ግን ብቻውን አያፈራም፤ በአቅራቢያው ሌላ ዓይነት አፕል ይፈልጋል። ለጋ ግንዱን ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል በነጭ መጠቅለያ ሸፍኑት፣ የክረምት ፀሐይ ቅርፊቱን ይሰነጥቀዋል። ዙሪያውን ሽቦ አጥሩለት። በረዶው ሥር የምትሄደው የሜዳ አይጥ ቅርፊቱን ዞራ ከጋጠችው ዛፉ አበቃለት፣ ጥንቸልም እንዲሁ።

የኛዎቹስ? በሶብላ በመጀመሪያው ውርጭ ይጠቁራል፤ ዘሩን ለቅሙና አስቀምጡ። ቃሪያ ቤት ውስጥ በማርች ተዘርቶ ውርጩ ካለፈ በኋላ፣ ሜይ አጋማሽ አልፎ ይወጣል። ሮዝመሪ ውጭ አያድርም፣ በፖት ተክላችሁ ብርዱ ሲመጣ አስገቡት። ጤና አዳም ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ያገራችን ዓይነት ብርድ አይችልም፤ እዚህ ገበያ የሚገኘው ዘመዱ ግን ይበልጥ ይችላል። ሽታቸው ስለሚመሳሰል ሲገዙ መጠየቅ ነው። ጎመን ትንሽ ውርጭ አይጎዳውም። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ብርዱን ይፈልገዋል። ኦክቶበር ላይ ትተክሉታላችሁ፣ ጭድ ታለብሱታላችሁ፣ ጁላይ ላይ ትነቅሉታላችሁ። ብርድ ሳያገኝ ካደገ ራሱ ወደ ፍንካች በደንብ አይከፈልም።

ሜይ ላይ የደረቀ የመሰለ ቁጥቋጦ ስታዩ መቁረጫ አታንሱ። ቅርንጫፉን በጥፍራችሁ ትንሽ ፋቅ አድርጉት። ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ ከታየ በሕይወት አለ። ቡኒና ደረቅ ከሆነ ወደ ታች ወረድ ብላችሁ ደግሞ ፋቁ። ጫፉ ሞቶ ሥሩ የተረፈ ብዙ ነው፣ አንዳንዱም እስከ ጁን ድረስ ምንም ሳያሳይ ይቆያል።